ዑድና ጊታር በአንድ ቤት

ክቡራን አንባብያን እንደሚያውቁት፥ በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንጽፈው ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ሥርዐት ነው። ዛሬ ስለ ሁለት የሙዚቃ መሣሪያዎች ስንጽፍ ከልማዳችን የወጣን የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ጥቂት ይታገሠን። ባለፈው የመስቀል ሰሞን በምዕራብ ዓባያ፥ በብርብር በሚገኘው ቤታችን፥ ዑድና ጊታር አጎትንና የእኅት ልጅን አኳርፈዋልና።

የባለቤታችን ታላቅ ወንድም ብዙ ዘመን በድሬዳዋ በንግድ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። በዓሉን ከእኛ ጋር ሊውሉ ሲመጡ ዑዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ልጃችን ደግሞ ጊታር ይመታል፤ በመዘምራን መካከል ስለ ተመሰገነም ጥቂት ኩራት ቢጤ አድሮበታል። ከእራት በኋላ ቡና ሲፈላ አጎቱ አንድ የትዝታ ዜማ ጀመሩ፤ ልጁም ሊያጅባቸው ጊታሩን አነሣ። ጥቂት እንደ ሄዱ አጎቱ እጃቸውን ከአውታሩ ላይ አንሥተው ዝም አሉ።

«አጎቴ፥ እርስዎም ኮርዱን ይምቱት እንጂ» አላቸው።

«ይህ መሣሪያ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም፥ ልጄ።»

ልጁም ሳያስብ፥ «እንግዲያው ጎዶሎ ነዋ!» አለ።

አጎቱ አንዳች ሳይመልሱ ዑዳቸውን ጠቅልለው ወደ መኝታቸው ሄዱ፤ በማግሥቱም ወደ ድሬዳዋ ለመመለስ ስለ መኪና ይጠይቁ ጀመር። ባለቤታችን እጅግ ተጨነቀች። በጋሞ ምድር ቂም ይዞ መስቀልን መዋል ነውር ነው፤ እንግዳ ዘመድ በበዓል ዋዜማ አኩርፎ ከቤት ቢወጣ ደግሞ ወሬው እስከ ሐይቁ ዳር ይደርሳል። እኛም የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን፥ የሁለቱን ወገን ቃል ሳንሰማ ልጁን መቆጣት አልወደድንም። ስለዚህ ሁለቱንም በየተራ መሣሪያቸውን እንዲያሳዩን ለመናቸው።

ሙዚቀኞች ኮርድ የሚሉት፥ ሦስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ልዩ ልዩ ድምፆች ባንድ ጊዜ ተመትተው ተባብረው ሲሰሙ ነው። ጊታር ለዚህ የተመቸ ነው። 6 አውታር አለው፤ በአንገቱም ላይ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በልክ ተተክለውበታል። ጣት ጥቂት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ቢል እንኳ ድምፁን የሚወስነው ብረቱ ነውና ብዙ አይሳሳትም። ስለዚህ የጥቂት ወራት ተማሪ 3 ወይም 4 ጣቱን ባንድ ጊዜ አሳርፎ ሙሉ ኮርድ ያሰማል።

ዑድ ግን ሌላ ነው። ስሙ በዐረብኛ እንጨት ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ 11 አውታር አለው፤ ዐሥሩ ሁለት ሁለት እየሆኑ 5 ጥንድ ሲሆኑ፥ ወፍራሙ ብቻውን ይቆማል። አንገቱ አጭር ነው፤ ብረትም የለበትም። ድምፁን የሚለካው የመቺው ጣትና ጆሮ ብቻ ነው። አንዱን ጣት በእውነተኛው ስፍራ ማሳረፍ የብዙ ዓመት ትጋት ሲሆን፥ ሦስቱን ባንድ ቅጽበት በጥንድ አውታሮች ላይ ማሳረፍ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አንባቢ ራሱ ይገምት። አንዱ ጣት የገብስ ፍሬ ያህል ቢስት ኮርዱ ተበላሸ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የዑድ መቺ በቀኝ እጁ አንድ ረጅም መምቻ ይይዛል፤ በዚህ መምቻ ጎን ለጎን ያሉትን አውታሮች እየጠረጉ ማለፍ ይቻላል እንጂ፥ መካከለኛውን ትቶ ዳርና ዳሩን ባንድ ጊዜ መምታት አይቻልም።

የአውሮፓ ሰዎች ይህንኑ መሣሪያ በእስጳንያ በኩል ከዐረቦች ተቀብለው፥ «ሉት» የሚለውን ስም እንኳ «አል ዑድ» ከሚለው አወጡ። ኋላ ግን በአንገቱ ላይ ከአንጀት የተሠራ ክር በልክ በልኩ አሰሩበት፤ በ15ኛው መቶ ዓመትም ብዙ ድምፅ በአንድነት ለማሰማት ብለው መምቻውን እየተዉ በጣታቸው ይመቱት ጀመር። እንግዲህ አውሮፓውያን ራሳቸው ኮርድን በሰፊው ያገኙት መሣሪያውንም የእጁንም አያያዝ ለውጠው ነው።

ዳሩ ግን ብረት የሌለበት አንገት ብረት ያለበት የማይሰጠውን ይሰጣል። በዐረቦች ዘንድ ራስት በሚባለው የዜማ ስልት ሦስተኛው ድምፅ በጊታር ሁለት ብረቶች መካከል የሚወድቅ ነው፤ አውታሩን በጣት ካልሳቡት በቀር በጊታር አይገኝም። በ1924 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ ሊቃውንቱ ስለ እንደነዚህ ያሉ ድምፆች ልክ ብዙ ተከራክረዋል። አጎቱ ይህን ድምፅ ለልጁ ሲያሰሙት፥ ልጁ በጊታሩ ላይ ፈልጎ ሲያጣው ፊቱ ተለወጠ።

የአጎቱ ቅሬታ ግን ከስድቡ ይልቅ በትዝታው ላይ ነበር። ትዝታ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው። ከእነዚህ 5 ድምፆች በተለመደው ሥርዐት የሚወጡት ሙሉ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ዶ፥ ሚ፥ ሶል፥ ሁለተኛው ላ፥ ዶ፥ ሚ። ልጃችን በመዝሙር የለመዳቸውን ሦስት ኮርዶች እያፈራረቀ ሲመታ፥ በአንዱ ፋን፥ በሌላው ሲን ያስገባ ነበር። ፋና ሲ ደግሞ በትዝታ ቤት ያልተጠሩ እንግዶች ናቸው። ብልኅ ሙዚቀኞች እነዚህን እንግዶች በወጉ ያስተናግዷቸዋል፤ አንነቅፍም። በልጃችን እጅ ግን ትዝታው ትዝታ መሆኑን አቁሞ ነበር።

ክራር ቢሆን ይህ ጠብ አይነሣም ነበር። ክራር ገራፊው በቀኝ እጁ 5ቱንም ሆነ 6ቱን አውታር ባንድነት ሲገርፍ፥ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን እየነካ ዝም ያሰኛቸዋል። ሁለት ሦስቱን ቢለቃቸው ተባብረው ይሰማሉ፤ ሁሉም አስቀድሞ በቅኝቱ የተቃኙ ስለ ሆኑ እንግዳ ድምፅ ከቶ አይገባም። የጊታር መቺ ግራ እጅ ድምፅ ሲያወጣ፥ የክራር ገራፊ ግራ እጅ ድምፅ ይከለክላል። ይህን ልዩነት እኛ ራሳችን ያስተዋልነው በዚያ ቀን ነው ብንል አናፍርም።

እኛ በቆሎ ተማሪነታችን ዜማ ስንማር ጉባኤው ሁሉ በአንድ ድምፅ ያዜም ነበር፤ ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር በ4 ድምፅ ተከፍሎ ስንሰማ ምድር የተናወጠች መስሎን ነበር። ከዓባያ ዳር ቀና ብለው በሚያዩት ደጋ ግን፥ ዶርዜዎች ጊታር ሳያዩ ከጥንት ጀምሮ በልዩ ልዩ ድምፅ ተከፍለው ሲዘፍኑ ኖረዋል። በጊዶሌም የፊላ ነፊዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥቂት ድምፅ ብቻ በተራ እየነፉ አንድ ዜማ ይሠራሉ። ልጃችን ኮርድን የባሕር ማዶ ሰው ብቻ ያመጣው ጥበብ አድርጎ ማሰቡ የእኛም ጥፋት ነው፤ ጨንቻ ወስደን አላሰማነውምና።

ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ እጅ ያስማማ ሰው አለ ወይ ብለን ብንጠይቅ፥ አጎቱ ወዲያው የዓሊ ቢራን ስም ጠሩ። የድሬዳዋ ተወላጅ ሆኖ በአፍራን ቀሎ ጓድ የጀመረውና በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ይህ ዘፋኝ ዑድንም ጊታርንም ይመታ ነበር። ልጁ በስልኩ ፈልጎ ሰማው፤ ደጋግሞም ሰማው።

በደመራው ማታ ልጁ የአጎቱን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አጎቱ ራሳቸው፥ «ሚን ተዋት፤ ዶንና ሶልን ብቻ ያዝልኝ» አሉት። ዑዱ ዜማውን ይዞ ሲሄድ ጊታሩ እነዚያን ሁለት ድምፆች ብቻ እንደ ምሰሶ ይዞ ቆመለት። በትዝታ ተስማማ፤ በባቲም፥ በአምባሰልም እንዲሁ። ቡናውን የምትቀዳው ባለቤታችን እስክትቆም ድረስ ደረሰ። አንቺ ሆዬ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ፈረሰ፤ በዚህ ቅኝት የሶል ስፍራ ዝቅ ያለ ነውና ምሰሶው የሚያርፍበት አጣ። አጎቱ እየሣቁ፥ «እዚህ ላይ ዝም ብትል ይሻልሃል፥ ልጄ» አሉት፤ ልጁም ጊታሩን አስቀምጦ አዳመጠ።

መስቀልን ከእኛ ጋር ውለው፥ ከአትክልታችን የተቆረጠ ሙዝ ተጭኖላቸው በሶዶ መንገድ ተመለሱ። ለገና እንደሚመጡ ቃል ሰጥተዋል፤ አንቺ ሆዬን ምን እንደሚያደርጉት ግን እስከ ዛሬ በስልክ ይከራከራሉ።