ኮፒ ፔስት ሁለት ጊታር አይሆንም

ጎበዝ፣ እንተማመን እንጂ! አንድ የአኩስቲክ ጊታር ትራክ ቀድቶ፣ ኮፒ አድርጎ፣ አንዱን ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ ወርውሮ «ስቴሪዮ አደረግኩት» ማለት ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? ሁለቱ ጆሮዎች የሚሰሙት አንድ ዓይነት ድምፅ ከሆነ ጊታሩ መሃል ላይ እንደተገተረ ይቀራል። ትርፉ ጩኸት ብቻ ነው።

ዘዴኞችም አሉ። ኮፒውን በ15 ወይም በ20 ሚሊሰከንድ ያዘገዩታል። በጆሮ ማዳመጫ ሰፋ ይላል፣ አንክድም። ግን ዘፈኑ የሚሰማው የት ነው? ግማሽ ስፒከሩ በሞተ ሚኒባስ ታክሲና በሞባይል አይደለም እንዴ? እዚያ ግራና ቀኙ ሲደመር የዘገየው ከዋናው ጋር ይጣላል፣ ከፊሉ ድምፅ ይሰረዛል፣ ጊታሩ ቱቦ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ሁለት ጊታር የሚሆነው ሁለቴ ሲመታ ነው። አለቀ። ሰው ያንኑ ምት ዳግመኛ ሲመታ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይቀድማል፣ ይዘገያል፣ ጣቱ ይጠነክራል፣ ይላላል። ስፋቱን የምትሰጠው ያቺው ልዩነት ናት። ሌስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውን «ላቨር» ሲሠራ ጊታሮቹን አንድ በአንድ እየደራረበ በዲስክ ነው የቀዳው፤ ከተሳሳተ መመለሻ ቁልፍ አልነበረውም። ለእኛ ሁለተኛ ጊዜ መምታት ከበደን!

«ስቱዲዮ የለንም» የሚሉትን ደግሞ ሰልችተናል። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 የወጣውን «ነብራስካ» የቀዳው በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል፣ በባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀሉ። ማይኩን 12ኛው ፍሬት አካባቢ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አርቁት፤ ቀዳዳው ላይ ከደቀናችሁት ጉምጉምታ ብቻ ነው የምትቀዱት፣ ትራኩ ሲደራረብ ደግሞ ጉምጉምታውም ይደራረባል። በየቅጂው መሃል ክሩን ቃኙ። መብራት ከጠፋ ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ቆርቆሮ ላይ ለሚወርድ ዝናብ ግን መድኃኒት የለም፣ መጠበቅ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ያንገበግበናል። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብትጀምሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። የሶል ኮርድ ሙሉውን ሲገረፍ ግን ከቅኝቱ ውጭ የሆነችው ሲ ትገባለች፤ ያንን ኮርድ ኮፒ ስታደርጉት እንግዳዋንም ሁለት አደረጋችኋት። ሁለተኛው ጊታር በእጅ ቢመታ ኖሮ ሲን ትቶ ሶልና ሬን ብቻ ይይዝ፣ ወይም ካፖ አስሮ ከፍ ካለ ቦታ እንደ ክራር ይነጥል ነበር።

ግን ለዚህ ጊታሪስቱ ክፍሉ ውስጥ መቆየት አለበት። «አንዴ ምታና ሂድ፣ የቀረውን እኔ አበዛዋለሁ» የሚለው አቀናባሪ የሚቆጥበው ግማሽ ሰዓትና የአንድ ልጅ ክፍያ ነው፤ አልበሙ ሽፋን ላይ ግን «ጊታሮች» ብሎ በብዙ ቁጥር ይጽፋል። የትኞቹ ጊታሮች? ወይ ሁለተኛውን ምት አስመቱና ክፈሉ፣ ወይ «ጊታር» ብላችሁ በነጠላ ጻፉ።