መዝገብ ላይ የጎደለው አባት

በክፍል ውስጥ ስለ ምትክ እናትነት በተነሳ ቁጥር ክርክራችን ወዲያው ወደ አዋቂዎቹ ይሄድና ልጁ ይረሳል። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለልጁ ልሟገት።

ጉዳዩ የስዊዘርላንድ ነው። አጋርነታቸውን በሕግ ያስመዘገቡ ሁለት ወንዶች አሜሪካን አገር፣ ካሊፎርኒያ፣ ከምትክ እናት ጋር ተዋውለው እ.ኤ.አ. በ2011 ልጅ ተወለደ። እዚያ ያለው ፍርድ ቤት ሁለቱም ወላጆች ናቸው አለ። የስዊዘርላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 119 ግን ምትክ እናትነትን በማናቸውም መልኩ ይከለክላል። የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤትም በ2015 በዘር የሚዛመደውን አባት ብቻ ተቀብሎ ሌላውን ከክብር መዝገብ አስቀረው። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የአጋራቸውን ልጅ በጉዲፈቻ እንዲወስዱ የተፈቀደው ገና በ2018 ነው። ስለዚህ ልጁ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል አንዱ አባቱ በሕግ ፊት ባዕድ ሆኖበት አደገ። ያ ሰው በመሀል ቢሞት እኮ ልጁ ያለ ኑዛዜ አይወርሰውም!

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2022 የሰጠው ፍርድ ደስ ያሰኘኝ አዋቂዎቹንና ልጁን ስለለየ ነው። ክልከላውን እያወቁ የሄዱት ሁለቱ ሰዎች መብታቸው አልተጣሰም፤ የልጁ የግል ሕይወት መብት ግን ተጥሷል አለ። ድሃ ሴቶች ማኅፀናቸውን እንዳያከራዩ መከልከል አንድ ነገር ነው (እኔም ክልከላውን አልቃወምም)፤ የተወለደን ልጅ መቅጣት ግን ሌላ። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን፣ ድሮ "ዲቃላ" ይባል የነበረውን ልጅ እኩል ያደረገው በዚሁ መንፈስ ይመስለኛል።

የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ይኸው ፍርድ ቤት በዘር የማትዛመድ እናትን በተመለከተ በ2019 በሰጠው አስተያየት፣ ፈጣንና ውጤታማ እስከሆነ ድረስ ጉዲፈቻ ይበቃል ብሏል። ጉዲፈቻ የሚጠይቀው ግን አዋቂው ነው። ጥንዶቹ ቢለያዩስ? ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይርስ? ልጁ "አባቴ ነህና ቀለብ ቁረጥልኝ" ብሎ በምን ይከሰዋል? ጣሊያን ደግሞ በ2024 ዜጋዋ ውጭ አገር ሄዶ ቢፈጽመው እንኳ እስከ ሁለት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አድርጋዋለች። ታዲያ ማመልከቻው በራሱ ላይ ማስረጃ እንዳይሆን የፈራ አባት እንዴት ደፍሮ ጉዲፈቻ ይጠይቃል? ዐቃቤ ሕግ ክስ ካለው ለብቻው ያቅርብ፤ የክብር መዝገብ ሹሙ ግን ልጁ በተወለደበት አገር የተሰጠውን ፍርድ ተቀብሎ ሁለቱንም ይመዝግብ።