ከምስጢሩ በፊት ቅመሙ ይታይ
የኬኤፍሲን ዶሮ እቤቱ ለመጥበስ የተነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳድደው የመሥራቹን የኮሎኔል ሳንደርስን የ11 ቅመማ ቅመም ምስጢር ነው። እኔ ግን ዝርዝሩን ተዉትና መደርደሪያችሁን ፈትሹ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ቺካጎ ትሪቢዩን» ጋዜጣ ከሳንደርስ ቤተሰብ ማስታወሻ አግኝቶ ያወጣውን፣ ኩባንያው ግን ያላረጋገጠውን ዝርዝር ብንወስድ፣ ለ2 ኩባያ ዱቄት 3 የሾርባ ማንኪያ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ይጠይቃል። ያን ያህል ቅመም ሲገባ ትኩስነቱ ዋናው ጉዳይ ይሆናል። የቁንዶ በርበሬ ማቃጠል የሚመጣው ቶሎ ከማይጠፋው፣ ፒፐሪን ከተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ መዓዛው ግን በሚተን ዘይት ውስጥ ስላለ ፍሬው ከተፈጨበት ሰዓት ጀምሮ ይበናል። ስለዚህ ከምድጃ በላይ ሙቀትና እንፋሎት ሲመታው የከረመ የቁንዶ በርበሬ ዱቄት ምላስ ይለበልብ እንደሆነ እንጂ ሽታ የለውም። በዝርዝሩ ያለው ፓፕሪካም ቅላቱ ወደ ቡኒ ካደላ አልቆለታል። በማንኪያ ብዛት ማካካስ ደግሞ አያዋጣም፤ እጥፍ ብታደርጉት የሚጨምረው ማቃጠሉና ምሬቱ ነው። ኮረሪማ ፈልፍሎ፣ አመስ አድርጎ ለዕለቱ የሚወቅጥ ቤት ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም፤ የሚገርመው ምግቡ የፈረንጅ ሲሆን ያን ልማድ መርሳታችን ነው። ነጩን ቁንዶ በርበሬ በፍሬው ግዙና ዶሮውን በምትጠብሱበት ቀን ፍጩት፤ የቀረውን ቅመም በትንሽ በትንሹ እየገዛችሁ ከብርሃንና ከእሳት አርቁት። ምስጢር ፍለጋው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።