ጀርባ የሌለው ካርድ

የፖለቲካ ሐተታ ለለመደ አንባቢ ስለ ስፖርተኞች ካርድ መጻፍ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። አገር በዚህ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሳለች ሰውዬው ስለ ልጆች መጫወቻ ያወራል የሚለኝ እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ማንን እንደሚያስታውስ፣ ማን እንዲረሳ እንደሚፈቅድና ይህንንም የሚወስነው ማን እንደሆነ ከመጠየቅ የበለጠ የፖለቲካ ጥያቄ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ካርድ እጽፋለሁ።

እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር አንድ ወጣት ጎረቤት አለኝ። አጎቱ ከዋሽንግተን የሚልክለትን የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ ይሰበስባል። የሚሰበስበው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አይደለም፤ የማልያ ቁጥራቸው «ያረፈላቸውን» ተጫዋቾች ብቻ ነው። በሕይወቱ አንድም የቤዝቦል ጨዋታ በሜዳ ተገኝቶ አላየም። ነገር ግን የእያንዳንዱን ሰው ታሪክ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። «መንግሥቱ ወርቁንስ ታውቀዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ስሙን ሰምቻለሁ ጋሼ፤ ካርዱ ካለ ይስጡኝና እሱንም ልሰብስብ» አለኝ። የሚሰጠው ካርድ የለም። እኔም የምጽፈው በልጁ ላይ ለመፍረድ አይደለም። የውጭ ናፋቂ እያልን ወጣቱን መውቀስ የለመድነው የስንፍና መሸሸጊያ ነው። ልጁ የሰበሰበው የተዘጋጀለትን ነው፤ ያላዘጋጀነው እኛ ነን።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ታላቅ ተጫዋች ጫማውን ሲሰቅል ክለቡ ያ ተጫዋች ይለብሰው የነበረውን ቁጥር ከእንግዲህ ለማንም ላለመስጠት ሊወስን ይችላል። ያን ጊዜ ቁጥሩ ዐረፈ ይባላል። በቤዝቦል ልማዱን የጀመረው ኒውዮርክ ያንኪስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 በጽኑ ደዌ ምክንያት ጨዋታ ላቆመው ለሉ ጌሪግ ክብር 4 ቁጥርን አሳረፈ። ከሁሉ የሚልቀው ግን የጃኪ ሮቢንሰን 42 ቁጥር ነው። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ፣ በጥቁሮች ላይ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ የኖረውን የትልቁን ሊግ በር ከፈተ። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ሰውየው ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቁጥሩን አሳረፈለት። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በሩ የተከፈተበት 50ኛ ዓመት ሲከበር 42 ቁጥር በሊጉ ክለቦች ሁሉ እንዲያርፍ ተወሰነ። ከ2009 ወዲህ በየዓመቱ በዚያው ቀን ተጫዋቾች ሁሉ 42 ቁጥር ለብሰው ይሰለፋሉ። ዓመቱን ሙሉ ማንም የማይለብሰውን ቁጥር በዚያ ቀን ሁሉም ይለብሰዋል።

አሜሪካኖችን ለማሞገስ አልተነሣሁም። በሩን የዘጉትም እነርሱው ነበሩ። ከዚህም በላይ ትዝታን ሸቀጥ ማድረግ ያውቁበታል፤ 7 ቁጥሩ ያረፈለት የሚኪ ማንትል አንድ የ1952 ካርድ እ.ኤ.አ. በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። እኔን የገረመኝ የካርዱ ዋጋ አይደለም። ልጁ ካሳየኝ ካርዶች አንዱን ገልብጬ ያነበብሁት ነው።

የካርዱ ፊት ሥዕል ነው፤ ሰውየው ዱላውን ይዞ ይስቃል። ጀርባው ግን መዝገብ ነው። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ ቁመት፣ ክብደት፤ ከዚያም በየዓመቱ ስንት ጨዋታ እንደተሰለፈና ምን እንዳስመዘገበ በጠባብ መስመሮች ተደርድሯል። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን እያነበበ ሲያድግ፣ ጀግና ማለት የሠራው ሥራ ተቆጥሮ የተጻፈለት ሰው እንደሆነ ሳይነገረው ይማራል። የሚወደውን ተጫዋች ከሌላው ጋር ሲያወዳድር በጩኸት ሳይሆን በማስረጃ ይከራከራል። ቁጥርን ማሳረፍም ትርጉም የሚኖረው ይህ መዝገብ ሲኖር ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ከሌለ የሚያርፈው ቁጥር ባዶ ቁጥር ነው።

አሁን የእኛን ካርድ እናንሣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ግቦቹን ያስቆጠሩት ተክሌ ኪዳኔ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለካፒቴኑ ለሉቺያኖ ሰጡ። የካርዱ ፊት ይህ ነው። በየዓመቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሲነሣ ይህንኑ ፎቶግራፍ እናወጣለን፣ እንኮራለን፣ እንቆዝማለን፣ መልሰን እናስቀምጠዋለን።

ገልብጡትና ጀርባውን አንብቡልኝ እስቲ። ከእነዚያ ልጆች እያንዳንዱ ለብሔራዊ ቡድን ስንት ጊዜ ተሰለፈ? ለክለቡ ስንት ግብ አገባ? ከኳስ በኋላ በምን ተዳደረ? ዐሥር ሰው ብትጠይቁ ዐሥር መልስ ታገኛላችሁ፤ ዐሥሩም በሞቅታ ይምላሉ። መንግሥቱ ወርቁ በዚያ ውድድር 3 ግብ አስቆጥሮ ከግብጹ በዳዊ ጋር የከፍተኛ ግብ አግቢነቱን ክብር ተጋርቷል፤ በአፍሪካ ዋንጫዎች በጠቅላላው 10 ግብ አለው። ይህን ልክ ያገኘሁት ግን የውጭ አገር ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ካጠናቀሩት መዝገብ ነው። የራሳችንን ሰው ከባዕድ ደብተር ላይ እናነበዋለን።

ችግሩ የኳስ ብቻ አይደለም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንደሮጠ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ደረቱ ላይ የነበረው ቁጥር 11 እንደነበረ፣ የገባበትም ሰዓት 2፡15፡16 እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? ባዶ እግሩ የካርዱ ፊት ነው፤ ለንግግርና ለግጥም ይመቻል። ሰዓቱና ቁጥሩ ጀርባው ነው፤ ሥራው ያለውም እዚያ ነው። እኛ ውዳሴ እንወዳለን፣ ዝርዝር ይሰለቸናል። ዝርዝሩን የጣለ ሕዝብ ደግሞ ውዳሴውን ለፈለገው ዓላማ የሚያውለው ገዢ በመጣ ቁጥር መከራከሪያ የለውም።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ውሰዱ። በተጫዋችነት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ከዓለም ስፖርት እንዲገለል በግንባር ቀደምትነት ከታገሉት አንዱ ናቸው። ሮቢንሰን በሩን በጨዋታው ከፈተ፤ እኒህ ሰው በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ታገሉ። የልደታ ልጅ የመጀመሪያውን ሲያውቅ ሁለተኛውን አያውቅም። ጥፋቱ የማን ነው?

ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። የካርዱን ጀርባ ያልጻፍነው ስለሰነፍን ብቻ ነውን? አይመስለኝም። የካርድ ጀርባ «የትውልድ ቦታ» የሚል መስመር አለው። የ1954ቱ ካፒቴን የትውልድ ቦታ አስመራ ነው። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ናቸው። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ እስኪሞት በጣሊያን ኖረ። ይህን መስመር ስንጽፍ የማን ነበርን፣ የማን ሆንን፣ ማንን አጣን የሚለው ሁሉ አብሮ ይመጣል። አንዱ ወገን የእኛ ነው ይላል፤ ሌላው የእኛ አልነበረም ይላል፤ ቢሮክራቱ ደግሞ ከሁለቱም ላለመጣላት መስመሩን ባዶ ይተወዋል። እኔ የምለው ግን ይህን ነው፤ ሰውየው የኢትዮጵያን ማልያ ለብሶ፣ የኢትዮጵያን ዋንጫ አንሥቷል። የተወለደው አስመራ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ካርድ ጀርባ ላይ ይጻፋሉ። ይህን ለመጻፍ የማይደፍር መንግሥትም ሆነ ፌዴሬሽን ስለ ታሪክ ባይናገር ይሻላል።

በእኛ አገር መንግሥታት የሚያሳርፉት ቁጥር ሳይሆን ስም ነው። ያ ዋንጫ የተነሣበት ስታዲየም የንጉሠ ነገሥቱን ስም ይዞ ነበር፤ በ1967 ስሙ ወረደ። የምናስተምርበት ዩኒቨርሲቲ እንዲሁ። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ በደርግ ዘመን ስሙን እንዲተው ተደርጎ ነበር። ያረፈ ቁጥር ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ ሥልጣን ላይ ያለው ማንም ይሁን ማን ይህ ሰው አይነካም የሚል ቃል ኪዳን ነው። ይህን ዓይነት ቃል ኪዳን ስለማናውቅ እያንዳንዱ አዲስ ዘመን ካርዱን ሁሉ ሰብስቦ ከመጀመሪያው ያድላል።

የሚሰነዘሩብኝን መቃወሚያዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚል ነው። ቁጥሩ የፈረንጅ ሊሆን ይችላል፤ ለጀግና ከስሙ ሌላ የክብር መለያ መስጠት ግን የአባቶቻችን ነው። አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝ ሲባል ዮሐንስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ መሆኑን ለማወቅ መዝገብ የሚያገላብጥ ማን ነበር? የፈረስ ስም የገባው ሕዝብ የማልያ ቁጥር አይገባውም ማለት ያስቃል።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ክብደት አለው። በዚያ ዘመን ከ1 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች የቦታ እንጂ የሰው አልነበሩም፤ ስለዚህ ለእነዚያ ተጫዋቾች የሚያርፍ ቁጥር የለም የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን የቤዝቦሉ ሆነስ ዋግነር በተጫወተበት ዘመን ማልያ ላይ ጭራሽ ቁጥር አይጻፍም ነበር። የፒትስበርግ ክለብ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ የለበሰውን 33 ቁጥር አሳረፈለት። ሰውን ማክበር የፈለገ መንገዱን አያጣም።

ሦስተኛው «ሕዝብ ተቸግሮ ሳለ ይህ ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። ጨዋታዎቻችን ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀምረዋል፤ ለተጫዋች ፊርማ የሚከፈለው ገንዘብ በየክረምቱ ያነጋግራል። መዝገብ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ግን አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ታማኝ ሰዎችና ትዕግሥት ነው። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ሐሳብ ነው።

ጊዜው ግን የለንም። ይህ መዝገብ ዛሬ በከፊል ያለው በሽማግሌዎች ሣጥን፣ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶግራፍና በሰፈር ወሬ ውስጥ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ልደታ ፈርሶ ፎቅ ሲበቅልበት፣ በ2016 ደግሞ የፒያሳ መንደሮች ሲነሡ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ቤት መፍረሱ የግድ ነበር አልነበረም የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ሣጥኑ የት እንደገባ የጠየቀ አንድም ኃላፊ አለመኖሩ ግን በየትኛውም ማስተር ፕላን አይመካኝም። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ካፒቴኑም ተከተለው። ከእያንዳንዱ ቀብር ጋር አንድ ጀርባ ሳይጻፍ ይቀበራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የሚውለው ግን የጻፈው ሲገኝ ነው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ፌዴሬሽኑ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈን ሰው ሁሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የተሰለፈበትን ጨዋታና ያገባውን ግብ መዝግቦ በይፋ ያውጣ፤ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የቆዩ እትሞች ለዚህ የመጀመሪያው ምንጭ ይሆናሉ። እኛ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ደግሞ በየዓመቱ ለመመረቂያ የሚጻፈውን የተደጋገመ ጥናት ትተን፣ ተማሪዎቻችንን መቅረጸ ድምፅ አስይዘን በሕይወት ወዳሉት ባለታሪኮች እንላካቸው። ክለቦችም ቁጥር ለማሳረፍ ሲነሡ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ጀርባው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ያድርጉት። ባዶ ጀርባ ይዞ የሚደረግ ሥነ ሥርዓት የባለሥልጣን ፎቶግራፍ መነሻ ከመሆን አያልፍም።

መጀመሪያ የሚታተመው ካርድ የሉቺያኖ ቫሳሎ ይሁን። ፊቱ ላይ ዋንጫው ይታይ። ጀርባው ላይ «የትውልድ ቦታ፦ አስመራ» ተብሎ፣ ሳይደበቅና ሳይቀባባ፣ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ። ይህን አንድ መስመር ማተም ያልቻለ ተቋም በየዓመቱ ጥር 13 ቀን ያንን ፎቶግራፍ እያወጣ እንዲኮራብን አንፍቀድለት።

ቸር ይግጠመን።