በጆሮ ብቻ የሚሰማ ሒሳብ

የኅብረት ሥራ ማኅበርን የሒሳብ መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤና ደረሰኞች የሚይዘው ሥራ አመራር ኮሚቴው ነው። ባለቤቶቹ ግን አባላቱ ናቸው። በኢትዮጵያ ብዙ ማኅበራት ውስጥ ይህ ተዘንግቷል። መዝገቡ በሒሳብ ሹሙ ቢሮ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ አባሉ በዓመት አንዴ በጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ሲነበብ ሰምቶ እጁን ያወጣል። «መዝገቡን ልይ» ያለ ሰው «ኦዲተር አይቶታል»፣ «ቁጥጥር ኮሚቴ ለምን ተመረጠ?» ይባላል፤ ደግሞ ከጠየቀ በአድመኛነት ይጠረጠራል።

ኦዲት የአባሉን ዓይን ይተካል ማለት ትልቅ ስህተት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበራቱ ሒሳብ እንዲመረመር ማዘዙ ተገቢ ነው፤ ኦዲተር ግን በዋናነት የሚመረምረው የተጻፈውን ነው። የቡና አምራቾች ማኅበር ይህን በግልጽ ያሳያል። ገበሬው እሸት ቡናውን መረከቢያ ጣቢያ አስመዝኖ ደረሰኝና የመጀመሪያ ክፍያ ይቀበላል፤ ቡናው ከተሸጠ በኋላ ደግሞ ባስረከበው ኪሎ ልክ የትርፍ ድርሻ ይጠብቃል። ደረሰኙ 400 ኪሎ እያለ በመዝገቡ 300 ቢሰፍርለትና ቀሪው 100 በሌላ ሰው ስም ቢገባ ድምሩ አይዛነፍም። የመጋዘኑ፣ የሽያጩና የባንኩ ቁጥር እርስ በርሱ ይስማማል። ኦዲተሩ ደረሰኞቹን ሁሉ ከየስሙ ጋር ካላመሳከረ ጉድለቱ ያመልጠዋል። ቡናውን ለቅሞ ያስመዘነው ገበሬ ግን መዝገቡን ቢያይ ወዲያው ያውቀዋል። ታዲያ ከሁሉ የተሻለውን መርማሪ በር ላይ ማስቆም ማንን ይጠቅማል?

ቁጥጥር ኮሚቴውም ቢሆን ሥልጣኑን ያገኘው ከአባላቱ ነው። ውክልና የወካዩን መብት አያጠፋም።

በቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚነሳው የምስጢር ጥያቄ ክብደት አለው፤ የጎረቤትን ዕዳ ማንም እንዲያነብ መፍቀድ ተገቢ አይደለም። መፍትሔው ግን መዝገቦቹን መለየት እንጂ ሁሉንም መቆለፍ አይደለም። የብሪታንያ ሕግ አባሉ የራሱን ሒሳብና የአባላትን መዝገብ እንዲያይ ይፈቅዳል፣ የሌሎችን የግል ሒሳብ ግን ይከልላል። ኮሚቴው ራሱ የወሰደው ብድር ግን በግል ምስጢር ስም ሊሸሸግ አይገባውም፤ አበዳሪም ተበዳሪም እሱ ነውና። «አባሉ ማንበብ አይችልም» የሚለው ምክንያት ደግሞ ንቀት ነው። ያልተማረ ገበሬ የተማረ ልጅ አለው፤ ያመነውን ሰው ይዞ የመቅረብ መብት ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. በ1844 ማኅበር ያቋቋሙት የእንግሊዝ ሮችዴል ሠራተኞች በየሦስት ወሩ የሒሳብ ሪፖርት ለአባላት እንዲቀርብ በደንባቸው ጽፈዋል። ዛሬም መዝገቡን ለአባሉ ለመክፈት አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ጠቅላላ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንቡን አሻሽሎ መዝገብ የሚታይበትን ቀን መወሰን፣ ሪፖርቱ ከስብሰባው 15 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲታደል ማዘዝ፣ አባልን የከለከለ ኮሚቴም ምክንያቱን በፊርማው እንዲሰጥ ማስገደድ ይችላል።