ሜዳው ለመኪና ብቻ ወይስ ለልጆቻችንም?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ሰሞኑን የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያላየ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ከእድራችን አዳራሽ ጀርባ ያለው ባዶ ሜዳ ሌትና ቀን ለመኪና ማቆሚያ እንዲከራይ ሐሳብ ቀርቧል፤ በሚቀጥለው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባም ውሳኔ ይሰጥበታል። ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ለዘበኞች ደመወዝና ለእድሩ ድንኳን ማሳደሻ ይውላል ተብሏል። ሁለቱም የሚያስፈልጉን ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ከመወሰናችን በፊት ጉዳዩን ከቤተሰብ ኑሮ አንጻርም ልናየው ይገባል። ስለዚህ የኮሌጅ አስተማሪና የሦስት ልጆች አባት እንደመሆኔ መጠን ይህን አስተያየት ለማቅረብ ተነሣሥቻለሁ።

"የአስተማሪን ኑሮ ከሜዳ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። ላስረዳ።

በሰፈራችን ስለ ኮሌጅ አስተማሪ ሥራ ያለው ግምት የታወቀ ነው። "እናንተማ ምን አለባችሁ! በሳምንት 12 ሰዓት ታስተምሩና ቤታችሁ ትገባላችሁ" ይሉናል። አነጋገሩ ለጨዋታ ነው፤ ግን እውነት የሚመስለው ሰውም ጥቂት አይደለም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በያዝነው መንፈቅ ሦስት ክፍሎች አስተምራለሁ፤ በእያንዳንዱ ክፍል 55 ተማሪዎች አሉ፤ በጠቅላላው 165 መሆናቸው ነው። ፈተና በሰጠሁ ቁጥር 165 ወረቀት እቤት ይገባል። አንዱን ወረቀት አንብቦ፣ ስሕተቱን አመልክቶ፣ ነጥብ ለመስጠት 10 ደቂቃ ቢፈጅ 1,650 ደቂቃ፣ ማለትም 27 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ እንግዲህ አንድ ፈተና ብቻ ነው። የቤት ሥራው አለ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎች ረቂቅ አለ፤ ለነገው ትምህርት መዘጋጀት አለ። ክፍል ውስጥ ለሚቆመው አንድ ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት መዘጋጀት ግድ ነው። ታዲያ 12ቱ ሰዓት የት ሄደ?

ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል። ግንበኛ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን ይታጠባል። አስተማሪ ግን ሥራውን በቦርሳ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። በእኛ ቤት ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው። ማታ ማታ በአንደኛው ጫፍ የኔ ወረቀት ይከመራል፤ በሌላው ጫፍ ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ደብተራቸውን ዘርግተው ያጠናሉ፤ ትንሹ ከጠረጴዛው ሥር ይጫወታል። "ዝም በሉ፣ አባታችሁ እያረመ ነው" ሲባል ደግሞ ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል። ባለቤቴም በጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ስትመለስ ምጣዱና ድስቱ ይጠብቋታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሳይነጋገሩ ሳምንቱ ያልቃል። ይህ የአስተማሪ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛውም፣ ልብስ ሰፊውም፣ እቤት ተቀምጦ በኮምፒዩተር የሚሠራውም እንደዚሁ ነው። ሥራ ከቤት ሲገባ ቤተሰቡ መውጣት አለበት።

ስለዚህ እኛ ቤት አንድ ደንብ አውጥተናል። እሑድ ከቀትር በፊት ወረቀት አይነካም፤ ቴሌቪዥንም ስልክም አይከፈትም፤ አምስታችንም እንወጣለን። አምስታችንም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ወንዶች ውጭ እየተንሸራሸርን እናት ማጀት ውስጥ ከቀረች እንዴት ያለ የቤተሰብ መዝናኛ ይባላል? ያ የአባትና የልጆች መዝናኛ፣ የእናት ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ነው። ስለሆነም የእሑድ ምሳ ቅዳሜ ይሰናዳል፤ ሽንኩርት የሚከትፈው ትልቁ ልጄ ነው፤ ስንመለስ ሽሮውን ማሞቅ ብቻ ይቀራል። ይዘን የምንወጣውም ዳቦ፣ ቆሎና በፔርሙዝ ሻይ ነው። ገንዘብ የለብንም የሚል ሰው ቆሎ አላጣም።

እኛ ከእንጦጦ ግርጌ የምንኖር ሰዎች ዕድለኞች ነን። ተራራው ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ልብ ያድሳል። ስንወጣ ልጆቹ ከመጽሐፍ ያነበቡትን በዓይናቸው ያያሉ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም እዚያው ናት። ባሕር ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ለማገዶ ሲባል የአገሩ ዛፍ ተመናምኖ ለአዲሲቱ ከተማ እንጨት የተገኘው በእሱ መሆኑን እግረ መንገዴን እነግራቸዋለሁ። ይኸው ዳገት ለብዙ ዘመን እናቶች ከባድ እንጨት ተሸክመው የወረዱበት ዳገት መሆኑንም እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ለእኛ ሽርሽር የሆነው ለሌላው እንጀራ መሆኑን ያወቀ ልጅ ቆሻሻ ጥሎ አይሄድም።

ነገር ግን እንጦጦ የእሑድ ነው፤ በየቀኑ አይወጣም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ቢሆን ያማረ ቦታ ነው፤ ሆኖም አምስት ሰው ታክሲ ተሳፍሮ ደርሶ ሲመለስ የሚያወጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጅ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሮጦ አይጠግብም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ለእኛ ለአዋቂዎቹም ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያዝልናል። ልጆቻችን ይህን 60 ደቂቃ ከየት ያገኙታል? ግቢያችን ጠባብ ነው፤ መንገዱን ባጃጅና ሚኒባስ ይዞታል። የቀረችን ያቺው ሜዳ ናት።

ሌላም ማስረጃ አለኝ፤ እሱም ስለ ዓይን ነው። እኔ በማስተምርበት ክፍል ሰሌዳው አልታይ እያላቸው ከፊት ወንበር የሚሻሙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። በቻይና አገር በጓንግዡ ከተማ በ12 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በስድስቱ ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርቱ ቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ደጅ እንዲያሳልፉ ተደረገ፤ የቀሩት ስድስቱ እንደ ድሮአቸው ቀጠሉ። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ደጅ ከወጡት ልጆች ከመቶው ወደ 30 የሚሆኑት የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር ሲያገኛቸው፣ ካልወጡት ግን ከመቶው ወደ 40 የሚሆኑት ችግሩ ደረሰባቸው። ደጅ መዋል ችግሩን ለመቀነስ ይረዳል እንግዲህ። መነጽር ስንት እንደሚሸጥ የጠየቀ ወላጅ የሜዳውን ዋጋ በደንብ ያውቃል።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። የሚነሡት ነጥቦች ቁም ነገር ያላቸው ስለሆኑ ችላ ሊባሉ አይገባም።

አንደኛው የገንዘቡ ነገር ነው። ዘበኞቻችን በብርድ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ደመወዛቸው መዘግየት የለበትም። የእድሩ ድንኳንም ክረምት ሲገባ ሐዘንተኛ ላይ እንዲያፈስ ማንም አይፈልግም። ነገር ግን እናስተውል፦ መኪና ማቆሚያ የሚጠፋው መቼ ነው? ማታ ነው። ቀን ቀን መኪኖቹ ባለቤቶቻቸውን ይዘው ሥራ ቦታ ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ሜዳውን የሚፈልጉት ከትምህርት ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ታዲያ ሁለቱ ፍላጎቶች የሚጋጩት የት ላይ ነው? እኔ አላየሁም።

ሁለተኛው የኳሱ ነገር ነው። ጋሼ የምላቸው አንድ ጎረቤቴ፣ "ልጄ፣ መስኮቴ ስንት ጊዜ ይሰበር?" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ለዚህም መፍትሔው ጎሉን ወደ አዳራሹ ግንብ ማዞርና የተሰበረውን የሰበረው ልጅ ቤተሰብ እንዲተካ መወሰን ነው። መስኮት ተሰበረ ተብሎ ሜዳ አይዘጋም።

ሦስተኛው "ልጆች ሜዳ ከዋሉ ሥራ ፈት ይሆናሉ፤ ትምህርታቸውን ይረሳሉ" የሚለው ነው። እኔ በሥራዬ የማየው ግን ሌላ ነው። ኮሌጅ የሚገባው ወጣት ከጓደኛ ጋር ተከራክሮ መስማማት፣ ተሸንፎ እጅ መጨበጥ፣ ተራ መጠበቅ ካልተማረ የቡድን ሥራ ሲሰጠው ይቸገራል። ይህ ደግሞ በመጽሐፍ አይገኝም፤ ሜዳ ላይ ነው የሚለመደው። ይልቅ ልጅን ሥራ ፈት የሚያደርገው መሄጃ ማጣት ነው። ሜዳው ሲዘጋ ልጆቹ የሚሄዱት ወደ ደብተራቸው ይመስላችኋል? ወደ ስልክና ወደ መንገድ ዳር ነው እኮ።

ከዚህ በመነሣት ለጠቅላላ ስብሰባው የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። ሜዳው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ብቻ ለመኪና ይከራይ። ቀን ቀን ለነዋሪው ክፍት ይሁን፤ በተለይ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ለልጆች ይለይ። እሑድ ጨርሶ መኪና አይግባበት፤ ቅዳሜ ማታ ያደረው ሁሉ በጠዋት ይውጣ። በዳሩ ላይ አዛውንቶች ፀሐይ የሚሞቁበትና እናቶች አረፍ የሚሉበት አንድ ሁለት አግዳሚ ወንበር ይሠራ። ልጆቹ በሚጫወቱበት ሰዓት ሁለት ሁለት አዋቂ በተራ ይገኝ። እኔ በበኩሌ የቅዳሜውን ተራ ለመውሰድ ተዘጋጅቻለሁ፤ ወረቀቴን ግን ይዤ አልመጣም።

የማታ ብቻ ኪራይ ከሌትና ቀኑ ኪራይ ያነሰ ገቢ እንደሚያስገኝ አልክድም። የጎደለውን በየቤቱ በሚደረስ አነስተኛ ወርኃዊ መዋጮ መሙላት እንችላለን። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ! መክፈል የማይችል አቅመ ደካማ ካለም ይታለፍ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ትልልቅ መንገዶች በወር አንድ እሑድ ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነፃ ሆነው ለእግረኛና ለስፖርት መከፈት ሲጀምሩ፣ "እንዴት ይሆናል?" ያለ ብዙ ሰው ነበር። ግን ሆነ፤ ሕፃንና ሽማግሌ አስፋልት ላይ ሲጫወት ታየ። የአገር ዋና ጎዳና ለሰው ከተለቀቀ የእኛን ቁራሽ ሜዳ መልቀቅ ምን ያቅተናል?

ውድ ጎረቤቶቼ፤ ሜዳ አንዴ ከተያዘ ማስለቀቅ እንዴት እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ለኪራይ የተባለው ነገ አጥር ይሠራለታል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ "ድሮም የመኪና ማቆሚያ ነበር" ይባላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስለዚህ በስብሰባው ቀን ከየቤቱ አባት ብቻ ሳይሆን እናትም ትምጣ፤ እጅ አውጥታም ትናገር። የኔን ሐሳብ የሚቃወም ካለም ይምጣና ይቃወም፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ካለው እሱን ለመደገፍ የመጀመሪያው እኔ እሆናለሁ። በር ዘግተን ቤታችን ከቀረን ግን ውሳኔው ያለ እኛ ይወሰናል፤ ልጆቻችን ነገ "የት እንጫወት?" ሲሉን የምንመልስላቸው አይኖረንም።

አክባሪያችሁ
ከማኅበሩ አባላት አንዱ