ሥራ ፈላጊና በር የሌለው መሥሪያ ቤት

ቀድሞ ሥራ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን በእጁ ይዞ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይዞር ነበር። በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያነባል፤ ዘበኛውን ይለምናል፤ ጸሐፊዋን ይጠይቃል። ድካሙ ብዙ ቢሆንም አንድ ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም የሚቀጥረውን መሥሪያ ቤት በርና የሰዎቹን ፊት በዓይኑ ማየቱ ነው። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራምና በፌስቡክ አማካይነት እቤቱ ድረስ ይመጣል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ የሌለው የገጠር ወጣት ከከተሜው እኩል ማንበብ ችሏልና። ነገር ግን በር የሌለው መሥሪያ ቤትና ፊት የሌለው አሠሪም አብረው መጥተዋል።

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። አሠሪ ሠራተኛውን እንደሚመረምር ሁሉ፥ ሥራ ፈላጊም አሠሪውን ሊመረምር ይገባዋል። ይህን ማድረግ ድፍረት አይደለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአገራችን ተረት ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተነገረ ይመስላል።

ከማታለያዎቹ ሁሉ የሚበዛው ትንሿ ክፍያ ናት። «ተመርጠዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ከዚያም ለመመዝገቢያ፥ ለሥልጠና ወይም ለደንብ ልብስ ጥቂት ብር በቴሌብር እንዲላክ ይጠየቃል። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይከራከርም፤ ከከፈለ በኋላ ግን የሚመልስለት አያገኝም። ትንሿ ብር ከብዙ ሰው ስትሰበሰብ ለአታላዩ ብዙ ናት። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1989 ዓ.ም. ባጸደቀውና ኢትዮጵያም በ1991 ዓ.ም. በተቀበለችው 181ኛው ስምምነት መሠረት፥ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅት በመሠረቱ ከሠራተኛው ላይ ዋጋ እንዳይጠይቅ ተከልክሏል። ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱትም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛንና የደርሶ መልስ ጉዞን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎታል። እንግዲህ ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ሥራ ለመቀጠር ክፈል የሚል ሰው ሥራ ሳይሆን ተስፋ እየሸጠ ነው።

ሁለተኛው ማታለያ ከዚህ የረቀቀ ነው። እቤትዎ ተቀምጠው በስልክዎ ቪዲዮ እየተመለከቱ፥ አስተያየትም እየሰጡ ገንዘብ ያገኛሉ ይባላል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብር በእርግጥ ይከፈላል፤ እምነትም ያድራል። ከዚያ በኋላ የሚበልጥ ሥራ ለማግኘት አስቀድሞ ገንዘብ ማስያዝ ያስፈልጋል ይባላል። በስልኩ ላይ የሚታየው ትርፍ ከቀን ወደ ቀን ያድጋል፤ ለማውጣት ሲጠየቅ ግን ሌላ ክፍያ ይመጣል። ዓሣ አጥማጅ በመንጠቆው ላይ የሚሰካው ትል ለዓሣው የታሰበ ስጦታ አለመሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ሦስተኛው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም የሚወስድ ነው። በታይላንድ አገር በኮምፒዩተር የሚሠራ፥ ደመወዙ ብዙ፥ ልምድ የማይጠይቅ ሥራ አለ ተብሎ ይነገራል፤ የአውሮፕላን ቲኬትም ይላካል። ተጓዡ ባንኮክ ሲደርስ በመኪና ወደ ምዕራብ ይወሰድና የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ ማይናማር ውስጥ፥ ሚያዋዲ በምትባለው ከተማ አጠገብ፥ በዘበኛ በሚጠበቅ ግቢ ይገባል። በዚያም ፓስፖርቱን ይነጠቅና ሌሎችን ሰዎች በስልክ እንዲያታልል ይገደዳል፤ እምቢ ቢል ይደበደባል፤ ልውጣ ቢልም ቤተሰቡ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠየቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ በማይናማር ቢያንስ 120,000፥ በካምቦዲያም 100,000 ያህል ሰዎች እንዲህ ባለ ሁኔታ ተይዘው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. 260 ያህል ሰዎች ከነዚህ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ በተሻገሩ ጊዜ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዋንግ ሺንግ የተባለው የቻይና ተዋናይ የፊልም ሥራ አለ ተብሎ ወደዚያው ተወስዶ ነበር። በወጥመዱ የሚያዘው ያልተማረ ሰው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ይመልከት።

እንግዲህ ሥራ ፈላጊው ምን ያድርግ? አስቀድሞ የመሥሪያ ቤቱን ስምና አድራሻ ይጠይቅ። በመልእክቱ ላይ ወደ ተጻፈው ቁጥር ሳይሆን፥ ራሱ ፈልጎ ወዳገኘው የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ይደውል፤ ቅርብ ከሆነም በእግሩ ሄዶ ይመልከት። ሥራው በውጭ አገር ከሆነ፥ አገናኙ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይጠይቅ። ለሥራ ጠርተውት የጎብኚ ቪዛ ቢሰጡት፥ ጉዞው ከመነሻው ውሸት እንዳለበት ይወቅ። የመታወቂያውንና የፓስፖርቱን ፎቶግራፍ ለማያውቀው ሰው አይላክ፤ ወደ ስልኩ የሚመጣውን የምስጢር ቁጥርም ለማንም አይንገር። ከሁሉም በላይ፥ «ዛሬ ካልወሰንክ ዕድሉ ያልፍሃል» የሚለውን ሰው ይጠንቀቅ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። እውነተኛ አሠሪ ጥያቄ ሲጠየቅ አይቆጣም፤ የሚቆጣ ከሆነም ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

አሁን ደግሞ ቃላችንን ወደ እናንተ፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደምትሠሩት አንባቢዎቻችን እንመልሳለን። የወንድማችሁ ልጅ ወይም የጎረቤታችሁ ልጅ ስልኩን ይዞ «ጋሼ፥ ይህን እስቲ ይዩልኝ፤ ለጉዞም ጥቂት ብር ያበድሩኝ» እያለ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ደመወዝተኛ ናችሁና። በዚህ ጊዜ በልጁ መሳቅም ሆነ ገንዘቡን ዝም ብሎ መስጠት አይረዳውም። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ማስታወቂያውን ቃል በቃል አብራችሁ አንብቡ፤ አሠሪው ማን እንደ ሆነ፥ የት እንዳለ፥ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ጠይቁት። የእናት ጌጥና የአባት በሬ ተሸጦ ከሚደረግ ጉዞ በፊት አንድ ሰዓት ተቀምጦ መመካከር ብዙ ዋጋ አይጠይቅም። ልጁ ሥራ መፈለጉ ነውር አይደለም፤ ነውሩ በችግሩ የሚነግደው ሰው ዘንድ ነው።

የተታለለ ሰው ቢኖርም እፍረት ዝም እንዳያሰኘው አደራ እንላለን። መልእክቶቹንና የክፍያውን ደረሰኝ ሳይሰርዝ ይያዝ፤ ገንዘቡን ላስተላለፈበት ባንክ ወዲያውኑ ያመልክት፤ ለፖሊስም ያስታውቅ። ሰውን አታሎ ለብዝበዛ መመልመል በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ከዚህም በኋላ «ጥቂት ክፈልና የጠፋብህን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ» የሚል ሌላ ሰው ቢመጣ፥ እርሱም የዚያው አታላይ ወንድም ነውና አይመነው። አንድ ሰው የደረሰበትን በግልጽ ሲናገር ወጥመዱ የት እንደ ተዘረጋ ለሰፈሩ ሁሉ ያሳውቃል፤ ዝም ሲል ግን ወጥመዱ በዚያው ስፍራ የሚቀጥለውን ልጅ ይጠብቃል።